አንድ ጊዜ አብቦ መሞት፤ ኑግ፣ እንሰትና ሽመል በወለጋ ታሪክ ውስጥ

የክረምቱ ደመና ገለል ብሎ መስከረም ከጠባ በኋላ፣ ከነቀምቴ ከተማ በየትኛውም አቅጣጫ የወጣ መንገደኛ በመጀመሪያ የሚያየው ቢጫ ቀለም ነው። በየመስኩና በየመንገዱ ዳር አደይ አበባ ይፈነዳል፤ ጥቂት ቆይቶም በጉቶ ጊዳና በአጎራባች ወረዳዎች የኑግ ማሳ ተራውን ይይዛል። ባለቅኔውም ዘፋኙም ይህን ወቅት የልምላሜና የተስፋ ምልክት አድርጎ ሲያወሳው ኖሯል። በዕፅዋት ሕይወት ዘንድ ግን ነገሩ ሌላ ገጽታም አለው። ኑግም ሆነ አብዛኛው የአደይ ዐይነት በሕይወቱ የሚያብበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዘሩ ጎምርቶ ሲረግፍ ተክሉ ከነሥሩ ይደርቃል እንጂ በሚመጣው ዓመት ከዚያው ግንድ አያቆጠቁጥም።

ዕፅዋት በዚህ ረገድ በሁለት ይከፈላሉ። ቡና፣ ዋንዛ፣ ብሳናና ግራር በየዓመቱ እያበቡና እያፈሩ ለብዙ ዘመን ይኖራሉ። ሌሎቹ ግን ያጠራቀሙትን ሁሉ ለአንዲት አበባ አውጥተው ያልፋሉ። ከእነዚህም መካከል ዕድሜያቸው ከአንድ ክረምት የማያልፍ አሉ፤ ስድስትና ስምንት ዓመት ጠብቀው የሚያብቡ አሉ፤ የአንድ ሰው ዕድሜ እኩሌታ ያህል ወይም ከዚያም በላይ የሚቆዩም አሉ። የወለጋ ምድር ሦስቱንም ዐይነት ይዟል። በደጋውና በወይና ደጋው ማሳ ኑግና ጤፍ፣ በጓሮ እንሰት፣ ወደ ደዴሳ፣ ወደ አንገርና ወደ ዐባይ ሸለቆዎች ሲወረድ ደግሞ ሽመል ይገኛል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሦስቱን ተክሎች ባሕርይ መዘርዘር ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ አብቦ ከሚሞት ተክል ጋር የሚኖር ሕዝብ የተክሉን ጊዜ ማወቅ ግዴታው ነው፤ ጊዜውን ካላወቀ ወይ ምግቡን ያጣል፣ ወይ አደጋው ሳያስበው ይደርስበታል። ታሪካችን እንደሚያሳየን ይህ ዕውቀት ከተክሉ ቀድሞ ሊጠፋ ይችላል። ተክሉ ሲሞት ዘር ወይም ችግኝ ይተካል፤ ያልተላለፈ ዕውቀት ግን የሚተካው የለም።

የሞቱ ምክንያት

ተክል ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን ያዘጋጀውን ስኳር በሦስት መንገድ ይጠቀምበታል፤ ለዕድገት፣ ለክምችትና ለዘር። በየዓመቱ የሚያብብ ዛፍ ከገቢው ከፊሉን ለዘር ከፊሉን ለራሱ ኑሮ ይመድባል። አንድ ጊዜ የሚያብብ ተክል ግን ጊዜው ሲደርስ በቅጠሉ፣ በግንዱና በሥሩ ያለውን ሁሉ ወደ ዘሩ ያዛውራል። በዚህም ላይ ቅጠል ሲያወጣ የኖረው የዕድገት ጫፍ ራሱ ወደ አበባነት ይለወጣል። ጫፉ አበባ ከሆነ በኋላ አዲስ ቅጠል የሚወጣበት ቦታ ስለሌለ፣ ነባሮቹ ቅጠሎች ሲያረጁ ተክሉ አብሮ ያከትማል።

ይህ ጠባይ በዝምድና የሚወሰን አይደለም። በኑግ ወገን ውስጥ ዘሩን ሰጥቶ የሚሞተው ኑግ ብቻውን አይደለም፤ ከሥሩ እያቆጠቆጠ ለዓመታት የሚኖር የቅርብ ዘመድም አለው። በስሜንና በባሌ ከፍተኛ ተራሮች የሚበቅለው ጅብራ ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ብቻ እያሰፋ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ከሰው ቁመት በላይ የሚሄድ የአበባ ዘንግ አውጥቶ ይሞታል። በአንዲት ትልቅ አበባ ብዙ ዘር ማፍሰስ ጥቂት በጥቂት ከማፍራት የተሻለ ዘር በሚያተርፍበት ቦታ ሁሉ፣ በዝምድና የማይገናኙ ዕፅዋት ወደዚሁ መንገድ ደርሰዋል።

በአንድ ክረምት የሚያልቅ ዕድሜ

ከሦስቱ ውስጥ ለገበሬውም ለገዢውም ይበልጥ የተመቸው የአንድ ዓመቱ ተክል ነው። ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳና ኑግ ሁሉም አንድ ጊዜ አብበው ይሞታሉ፤ ነገር ግን ሞታቸው በየዓመቱ የሚጠበቅ ስለሆነ የሚያስደነግጠው የለም። ኑግ በአገራችን የለመደ የቅባት እህል ሲሆን ወለጋም ከዋነኞቹ አብቃዮች አንዱ ነው። የራሱ ብናኝ አያፀንሰውም፤ ከሌላ የኑግ ተክል ብናኝ የሚያመጣለት ንብ ያስፈልገዋል። የኑግ አበባ በሚበዛበት አገር በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር የሚበዛውም ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ ገበሬው ከአንዲቱ አበባ ዘይትም ማርም ያገኛል።

እህል ይሰፈራል፣ ይጫናል፣ በጎተራ ይከማቻል። ስለሆነም ግብር ለሚሰበስብ መንግሥት ከማናቸውም ሰብል ይልቅ የሚመች ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በበከሬ ጎዳና ዘመን የተጠናከረው የሌቃ ነቀምቴ ግዛት፣ በልጃቸው በሞሮዳ በከሬ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1882 ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ገብሮ ውስጣዊ አስተዳደሩን እንደያዘ ቆየ። በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት ኩምሣ ሞሮዳ አባታቸውን ሲተኩም ይኸው ሥርዓት ቀጠለ። ከዚህ ግዛት ወደ ማዕከል ይላክ የነበረው ገጸ በረከት ወርቅና የዝሆን ጥርስን የመሰለ ውድ ነገር ቢሆንም፣ ሹሙንና ወታደሩን በየቀኑ የሚያበላው የገበሬው እህል ነበር። ማረሻና በሬ ባለበት ሁሉ እህል ተስፋፋ፤ እህል ባለበትም ሁሉ የአገዛዙ እጅ ደረሰ።

የዚህ ኑሮ ደካማ ጎን የተገለጠው በክፉ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ ወደ መላው አገር ተዛምቶ ከአሥር ከብት ዘጠኙን ያህል ፈጀ። በዚያ ላይ ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተጨመረ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው በዚያ መከራ በሬ ያጣው አራሽ መሬቱ እያለ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። የአንድ ዓመት ተክል ዘሩ በወቅቱ ካልተዘራ የሚቀጥለው ዓመት ምግብ የለም። የተከማቸውም በአንድ ክረምት ያልቃል። የሚዘራው ዘር ራሱ ተቆልቶ በተበላበት ቤት ደግሞ፣ ዝናቡ ቢመለስ እንኳ ረኃቡ ለሁለተኛ ዓመት ይተርፋል።

እንሰት፤ ሞቱ የሚቀደም ተክል

እንሰት በመልኩ ሙዝ ይመስላል፤ በኦሮምኛ ወርቄ ይባላል። ግንድ የሚመስለው አካሉ በእርግጥ ግንድ ሳይሆን እርስ በርሱ የተጠቃለለ የቅጠል እጀታ ነው፤ እውነተኛው ግንድ ከመሬት ውስጥ ያለው ድብልብል ክፍል ሲሆን፣ ይህም ሲቀቀል አሚቾ ይባላል። ተክሉ እንደ አየሩ ሙቀትና እንደ ዝርያው ከአራት እስከ አሥር ዓመት፣ በብርዳማ ደጋም ከዚያ በላይ ቆይቶ ከመሐሉ አንድ ትልቅ የአበባ ዘለላ ያወጣል። ፍሬው በውስጡ እንደ ጠጠር የጠነከረ ዘር የያዘ ነው። ፍሬው ሲበስል ተክሉ ይሞታል።

የእንሰት ገበሬ ጥበብ በዚህች አንዲት አበባ ዙሪያ ያተኮረ ነው። ተክሉ ስታርቹን በየዓመቱ ሲያከማች የኖረው ለአበባውና ለፍሬው ነውና ክምችቱ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው አበባው ብቅ ሊል ሲቃረብ ወይም ገና ብቅ እንዳለ ነው። ገበሬው ቀደም ብሎ ከቆረጠ ምርቱ ቀጭን ይሆናል፤ ከዘገየ ደግሞ ምግቡ ወደማይበላ ፍሬ ይሄዳል። ስለዚህ የቅጠሉን አወጣጥና መጠን፣ የግንዱን ውፍረት አይቶ ሰዓቱን መለየት ይኖርበታል። ከተቆረጠ በኋላ ሴቶች የቅጠሉን እጀታ ፍቀው፣ ሥሩን ከትፈው፣ ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው ያብላሉታል። ከዚያ ቆጮ ይገኛል፤ የተጣራው ዱቄት ቡላ ነው፤ የቀረው ጭረት ቃጫ ሆኖ ለገመድና ለከረጢት ይውላል።

ከዚህ የሚበልጠው ጥበብ ደግሞ ተክሉን ከሞት የሚያሻግረው ነው። ገበሬው የለማዳውን እንሰት ዘር አይጠብቅም። ሁለትና ሦስት ዓመት የሆነውን ለጋ ተክል ነቅሎ፣ የዕድገቱን ጫፍ አውጥቶ፣ ድብልብሉን ሥር እንዳለ ወይም ከፍሎ ይቀብረዋል። ጫፉ የተወገደበት ሥር በዙሪያው በርካታ ችግኞችን ያወጣል። አንድ ጊዜ ብቻ ለማበብ የተፈጠረ ተክል በዚህ መንገድ ሳያብብ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል። በጓሮ ያሉ ዝርያዎች ስማቸው እየተጠራ፣ አንዱ ለቆጮ፣ ሌላው ለአሚቾ፣ ሌላው ለቃጫ፣ ሌላውም ለስብራት መድኃኒት እየተባለ ተለይቶ የሚታወቀው በዚህ የተነሣ ነው።

በ17ኛው መቶ ዓመት አገራችን የነበሩት ኢየሱሳውያን ማኑኤል ደ አልሜይዳና ዠሮኒሞ ሎቦ ስለዚህ ተክል በአድናቆት ጽፈዋል። ስሙን በአውሮፓ ያስተዋወቀው ግን ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 የዐባይን ምንጭ ለማየት በጎጃም በኩል ሲጓዝ እንሰትን አይቶ አስሥሎታል፤ እ.ኤ.አ. በ1790 በታተመው መጽሐፉም ሰፊ መግለጫ ሰጥቶበታል። የተክሉ የትውልድ አገር እናርያ ነው እንደሚባል፣ ዐባይን ተሻግረው የሰፈሩት ኦሮሞዎች ይዘውት እንደመጡም የሚነገር መኖሩን ያወሳል። ይበልጥ የሚበዛውም ሜጫና ጉቶ ብሎ በጠራቸው የጎጃም ክፍሎች እንደሆነና፣ ረግረጉ ለእህል በማይመችበት በሜጫ ሜዳ የነዋሪው ዋና ምግብ ይህ ተክል እንደነበረ ይገልጻል።

እነዚህ ሁለት ስሞች ለወለጋ ሰው እንግዳ አይደሉም። ሜጫ የምዕራቡ ኦሮሞ ታላቅ ነገድ መጠሪያ ነው፤ ጉቶ የሚለውም በዛሬው የጉቶ ጊዳ ወረዳ ስም ውስጥ ይገኛል። ብሩስ ያያቸው ከዐባይ ማዶ ያሉት ቢሆኑም፣ የሜጫ ስም የሚያስታውሰን ከወንዙ ደቡብና ምዕራብ የተነሣውን ሕዝብ ፍልሰት ነው። ሕዝብ ሲንቀሳቀስ ስሙን ብቻ ሳይሆን ጓሮውንም ይዞ እንደሚሄድ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በቀላሉ አይገኝም።

ብሩስ ተክሉ የሙዝ ወገን አይደለም ብሎ አጥብቆ ተከራክሮ ነበር። የአውሮፓ ሊቃውንት ግን እ.ኤ.አ. በ1791 በሙዝ ወገን መደቡት፤ ራሱን የቻለ ወገን ሆኖ ዛሬ በሚታወቅበት ሳይንሳዊ ስም የተጻፈው በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1853 ከምጽዋ የእንግሊዝ ቆንስላ ወደ ለንደኑ የኪው የዕፅዋት ሥፍራ ዘር በተላከ ጊዜ፣ የአገሬው ስም ተጽፎለት እንኳ ምንነቱ ወዲያው አልታወቀም ነበር። በኋላ የብሩስን ሥዕል ሲያመሳክሩ ያው እንሰት ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ጽሑፍና ሥዕል በመኖሩ ብቻ ከስድሳ ዓመት በላይ የተረሳ ዕውቀት ተመለሰ።

የቀረው ኮባ

በጎጃምና በጎንደር የሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነው። አሜሪካዊው የመልክዐ ምድር ሊቅ ፍሬድሪክ ሲሙንስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ባደረገው ጥናት፣ ተክሉ በየአጥሩ ቢገኝም ለምግብነት የሚውል አለመሆኑን አስተውሏል። ዛሬም በብዙ የሰሜን ቤት ኮባ ተብሎ የሚታወቀው ቅጠሉ ነው፤ ድፎ ዳቦ ይጋገርበታል፣ ይጠቀለልበታል። ሥሩ የሚቀቀል፣ እጀታው ተፍቆ የሚብላላ፣ አበባው ሳይወጣ የሚቆረጥ ምግብ መሆኑን የሚያውቅ በአካባቢው ጥቂት ነው። ተክሉ አልጠፋም፤ የጠፋው የመቁረጫውን ሰዓትና የአሠራሩን ዘዴ የያዘው ዕውቀት ነው።

ለምን ጠፋ ቢባል አንድ ምክንያት ብቻ መስጠት አይቻልም። የእህሉ እርሻና ግብሩ ተስፋፍቷል፤ ጦርነት በተደጋጋሚ በሚያልፍበት አገር ስድስትና ሰባት ዓመት የሚጠብቅ ተክል መትከል ድፍረት ይጠይቃል። የሠራዊት መንገድ የሆነ ጓሮ ሳያበስል ይቆረጣል። በአንድ ክፉ ዓመት ሁሉም ለጋውን ሳይቀር ቆርጦ ከበላ፣ ጓሮው ወደ ቀድሞ ሁኔታው ለመመለስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ይህ ክፍተት የአንድ እናትን የሥራ ዘመን ያህል ከዘለቀ፣ ልጅቱ መፋቂያውን ይዛ ከእናቷ የምትማርበት ቀን አይኖርም።

በወለጋም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በወለጋ ሥራ ሥር ሲነሣ ስሙ ቀድሞ የሚጠራው አንጮቴ ነው፤ በመስቀል በዓል በክብር የሚቀርበውም እርሱ ነው። እንሰት በብዙ ጓሮ የሚታየው ለጥላው፣ ለዳቦ ቅጠሉና ለመድኃኒትነቱ ነው። እንደ ጉራጌ፣ እንደ ሲዳማና እንደ ጌዴኦ የዓመቱ ቀለብ በእርሱ አልተመሠረተም። ስለዚህ የወለጋ እንሰት በሁለት ዕጣዎች መካከል ቆሟል ለማለት ይቻላል። በአንድ በኩል የደቡቡ ሙሉ ዕውቀት፣ በሌላ በኩል የሰሜኑ ኮባ አለ።

በ1977 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የደረሰው ረኃብ የዚህን ክብደት አሳይቷል። እንሰት በሚገባ በተያዘባቸው የደቡብ ደጋዎች አንድ የዝናብ ወቅት ቢከሽፍ ገበሬው ካለፉት ዓመታት የተጠራቀመውን ከጓሮው ይቆርጣል፤ ምክንያቱም ጎተራው ራሱ ቆሞ የሚያድገው ተክል ነው። እርግጥ ነው፣ መሬቱ በጠበበበትና ጓሮው በተራቆተበት ሥፍራ እንሰትም ከችግር አላዳነም። ከብት ከሌለ ፍግ የለም፤ ፍግ ከሌለ እንሰት ይቀጭጫል። በዚህም ላይ አጠውልግ የተባለው የባክቴሪያ በሽታ አለ። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 መንስኤውን ለይተው ያሳወቁት ይህ በሽታ፣ በተበከለ ቢላዋና በችግኝ እየተላለፈ የብዙ ዓመት ድካም በአንድ ወቅት ያጠፋል። ዛሬ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከእንሰት ጋር የተያያዘ ኑሮ እንዳለው ሲታሰብ፣ ጉዳዩ የጓሮ ጉዳይ ብቻ አይሆንም።

ሽመል፤ ከአንድ ትውልድ የሚረዝም ጥበቃ

ከነቀምቴ ደጋ ወደ ደዴሳ ወይም ወደ አንገር ሸለቆ ሲወረድ፣ ከዚያም ወደ ምዕራብ እስከ አሶሳ ሲኬድ ሽመል ይበዛል። ይህ የቆላ ቀርከሃ ከደጋው የሚለየው አገዳው ውስጡ ክፍት ባለመሆኑ ነው። ቤት ይሠራበታል፤ አጥር፣ ጎተራ፣ ቅርጫት፣ አልጋና የንብ ቀፎ ይሆናል፤ በክረምት የሚወጣው ለጋ ቡቃያው በአንዳንድ አካባቢ ይበላል። አገራችን በአፍሪካ ከፍተኛውን የቀርከሃ ሀብት ከያዙት መካከል ስትሆን፣ የዚያም ትልቁ ክፍል ይኸው የምዕራቡ ሽመል ነው።

ሽመል በየዓመቱ አዳዲስ አገዳ እያወጣ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። አልፎ አልፎ አንድ ቁጥቋጦ ለብቻው ሊያብብ ይችላል። ጊዜው ሲደርስ ግን ሰፊ ጫካ በአንድነት ያብባል፤ ዘሩን አርግፎም በአንድነት ይደርቃል። ከቀርከሃ ወገን አንዳንዱ የሚጠብቀው ዘመን እጅግ ረጅም ነው፤ በጃፓን የሚታወቀው አንድ ዝርያ በ120 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ያብባል ተብሎ ይታመናል። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ዳንኤል ጃንዘን እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ጽሑፍ ስለዚህ መዘግየት የሰጠው ማብራሪያ ዝነኛ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲያፈራ ዘር የሚበሉት አይጦችና አዕዋፍ ሊጨርሱት አይችሉም፤ የተረፈው ይበቅላል። በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ቢያፈራ ኖሮ ግን ሁሉም ይበላ ነበር።

ለሰው ግን ይህ ስልት አደጋ አለው። በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ በሚዞራም ተራሮች አንድ የቀርከሃ ዝርያ በየ48 ዓመቱ ገደማ ያብባል። ዘሩን የሚበላው አይጥ በዚያ ዓመት ይረባል፤ ዘሩ ሲያልቅ ደግሞ ወደ ሩዝ ማሳውና ወደ ጎተራው ይዞራል። የአገሬው ሕዝብ ይህን መቅሠፍት ማውታም ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ1958 የሽማግሌዎቹን ትውስታ የያዘው የአካባቢው ምክር ቤት አበባው እንደቀረበ አውቆ፣ ለመከላከያ 1.5 ሚሊዮን ሩፒ እንዲሰጠው የአሳምን መንግሥት ለመነ፤ ልመናው ተቀባይነት አላገኘም። በሚቀጥለው ዓመት አበባው መጣ፣ አይጡም መጣ፣ ረኃቡም ተከተለ። ለረኃቡ እርዳታ የተቋቋመው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1961 ወደ ፖለቲካ ግንባርነት ተለወጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 አመፅ ተነሣ፤ ሰላም የወረደው ከሃያ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በሽማግሌዎች አፍ የነበረው ዕውቀት ትክክል ነበር፤ የጎደለው የሚሰማው ቢሮ ነበር።

በእኛ አገር የሽመል ጫካ ታሪክ ከሠፈራ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከድርቁ አካባቢዎች ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተጓጓዘ። ከዚህም ውስጥ ብዙው ወደ ወለጋ ክፍለ ሀገር መጣ፤ ያን ጊዜ በክፍለ ሀገሩ ሥር በነበረው በአሶሳ አውራጃ፣ በአንገር ጉትን፣ በጃርሶና በቄቶ ሰፈረ። አሉላ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ የቄቶን ሠፋሪዎች ኑሮ በሰፊው ገልጿል። ከወሎ የመጣው የእህል ገበሬ ያገኘው መሬት በሽመል አገር በሆነ ጊዜ ጎጆውን ከሽመል ሠራ፤ ለእርሻም ሽመሉን መነጠረ። ለእርሱ ሽመል እንጨት ነበር። የነባሩ ነዋሪ ደግሞ መቼና እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ከየትኛው ቁጥቋጦ ምን ያህል እንደሚተው በልማድ ያውቃል፤ ይህን ልማድ ለመጤው የሚያስተላልፍ ሥርዓት ግን በፕሮግራሙ ውስጥ አልተዘጋጀም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባሉት አሥርት ዓመታት ዛሬ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በሚገኘው የሽመል ጫካ ሰፊ ቦታዎች በጅምላ አብበው ደርቀዋል። የደረቀ የሽመል ጫካ በበጋ እሳት ለመያዝ የተመቸ ነው። የረገፈው ዘር በዝናብ ይበቅላል፤ ነገር ግን ቡቃያው ሥር ይዞ እስኪጠነክር ከእሳት፣ ከከብትና ከማረሻ መጠበቅ አለበት። በእነዚህ ጥቂት ዓመታት ውስጥ የደረቀውን ጫካ ያየ ሰው ሞቷል ብሎ ካረሰው፣ ጫካው በእርግጥም ይሞታል። ተክሉ ራሱን የሚተካበት ሥርዓት እያለው፣ ሰው ሥርዓቱን ባለማወቁ ብቻ ይቆረጣል።

የመዝገብ ጉዳይ

ሦስቱን ተክሎች ጎን ለጎን ስናቆማቸው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። የኑግን ሰዓት ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ በየዓመቱ ይደጋገማልና። የእንሰትን ሰዓት የሚያውቅ የሠራበት ብቻ ነው፤ አንድ ሰው በዕድሜው ደጋግሞ ያየዋልና ከእናት ወደ ልጅ ሊተላለፍ ይችላል። የሽመልን ሰዓት ግን አንድ ሰው በሕይወቱ አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ያየዋል፤ ያየውንም ለልጅ ልጁ ካልነገረ ለሚቀጥለው አበባ ምስክር አይኖርም። የተክሉ ጥበቃ በረዘመ ቁጥር በአፍ ብቻ የሚጠበቀው ዕውቀት ይሳሳል፤ የጽሑፍ አስፈላጊነትም ያንኑ ያህል ይጨምራል።

ነቀምቴ በዚህ ረገድ የራሷ ምሳሌ አላት። ኦኔሲሞስ ነሲብ ወደ ኦሮምኛ የመለሱት መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ከታተመ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥተው እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1931፣ አስተማሩ። የሥራ ባልደረባቸው አስቴር ጋኖ ከቃል የሰበሰቧቸውን ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖች በጽሑፍ አስፍረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1894 የታተመው የንባብ መጽሐፍም ከዚያ ክምችት ተጠቅሟል። በቃል ብቻ የነበረው ሀብት በሁለት ሰዎች ትጋት ለትውልድ ተላለፈ። በተረትና በምሳሌ የሆነው በተክልና በጓሮ ዕውቀት የማይሆንበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ በእርሻ፣ በደን፣ በትምህርትና በአስተዳደር ሙያ የተሠማሩ አባሎቻችን ሊፈጽሙት የሚችሉት ሥራ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት አንድ የአበባ መዝገብ ይከፈት። ሽመል ባበበ ጊዜ የቦታው ስም፣ ወሩና ዓመቱ፣ ያበበው ጫካ ስፋት፣ ሽማግሌዎች ከዚህ በፊት ያዩበት ዘመን፣ ዘሩ ከወደቀ በኋላ ቦታው የደረሰበት ሁኔታ ይጻፍ። እንደዚሁም በየቀበሌው ያሉ የእንሰት ዝርያዎች ስማቸው፣ ጥቅማቸው፣ የመቁረጫቸው ምልክትና በብርዳማውና በሞቃቱ አካባቢ የሚፈጁት ዓመት ይመዝገብ። እንሰት የሚፍቁ እናቶች ካሉ ትምህርት ቤቶች ልጆችን ወደ እነርሱ ይላኩ፤ የሚጻፈውም በእናቶቹ ቃልና በእነርሱው ቋንቋ ይሁን። መዝገቡ ከአንድ ባለሙያ ወደ ሌላው በርክክብ ይተላለፍ እንጂ ከዝውውር ጋር አብሮ አይጥፋ።

በሸለቆው ዛሬ ለምልሞ የሚታየው ሽመል አንድ ቀን ያብባል፤ ያን ቀን ዛሬ በሥራ ላይ ካለነው መካከል ብዙዎቻችን ላንኖር እንችላለን። በዚያን ጊዜ በወረዳው ጽሕፈት ቤት የሚቀመጠው ወጣት ባለሙያ የደረቀውን ጫካ አይቶ ለእርሻ ይታደል ብሎ ከመፈረሙ በፊት፣ ከመደርደሪያው ላይ አውጥቶ የሚያነበው አንድ ገጽ ሊኖር ይገባል። ያን ገጽ መጻፍ የእኛ ፋንታ ነው።